ቢሮ የሚመዘነው በሚሠራበት ሥራ ነው

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢሮ ሲያስገነቡ፣ ሲከራዩ ወይም ሲያድሱ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሳው የክፍሉ ስፋት፣ የወንበሩ ዓይነትና የሕንፃው ገጽታ ነው። በውስን በጀት ለሚተዳደር የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም ቢሮው በውስጡ ለሚከናወነው ሥራና ለሚስተናገደው ባለጉዳይ ምን ያህል ይመቻል የሚለው ነው። ለቢሯቸው ከፍተኛ ወጪ ከሚያወጡ ተቋማት መካከል የሚጠቀሱት የፕራይቬት ኢኩዊቲ ኩባንያዎች ለዚህ ንጽጽር ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

ፕራይቬት ኢኩዊቲ ከጡረታ ፈንዶች፣ ከመድን ድርጅቶችና ከባለሀብቶች ገንዘብ አሰባስቦ በኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ የሚገዛ፣ አሠራራቸውን አሻሽሎና ዋጋቸውን አሳድጎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርሻውን የሚሸጥ የኢንቨስትመንት ዘርፍ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ለ10 ዓመት ያህል ተይዞ ይቆያል። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በተለምዶ በዓመት 2 በመቶ ገደማ የአስተዳደር ክፍያ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የቢሮ ኪራይና የሠራተኞች ደመወዝ የሚሸፈነው በዋናነት ከአስተዳደር ክፍያው ነው።

ከዘርፉ ታላላቅ ኩባንያዎች መካከል ኬኬአር በኒውዮርክ ሃድሰን ያርድስ፣ ብላክስቶን ደግሞ በዚያው ከተማ በፓርክ አቬኑ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን አድርገዋል። ሁለቱም የቢሮ ኪራይ ውድ ከሆነባቸው አካባቢዎች የሚመደቡ ናቸው። ገንዘቡን ለረጅም ዓመታት በአደራ የሚሰጥ ደንበኛ የኩባንያውን ጥንካሬ በአድራሻውም ጭምር ስለሚገምት ወጪው ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚያቀላጥፉት ከገጽታው ይልቅ በውስጥ ያሉት አገልግሎቶች ናቸው። እነዚህም ድምፅ የማያወጡ የመነጋገሪያ ክፍሎች፣ የሰነዶችን ምስጢር የሚጠብቅ አሠራር፣ አስተማማኝ የኮምፒውተር መረብ እንዲሁም እስከ ምሽት ለሚሠሩ ሠራተኞች የምግብና የዕረፍት ቦታ ናቸው።

ዘርፉ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሹልዝ ግሎባል ኢንቨስትመንትስና ሴፊየስ ግሮውዝ ካፒታል በአዲስ አበባ ቢሮ ከፍተው ከሠሩት መካከል ይጠቀሳሉ። ኬኬአርም በ2006 ዓ.ም. በባቱ ከተማ ጽጌረዳ በሚያመርተው አፍሪፍሎራ ላይ ገንዘቡን አውሏል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መውጣቱና በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ መጀመሩ ደግሞ ለዘርፉ ተጨማሪ በር ከፍቷል።

እነዚህ ባለሀብቶች ውል ከመፈራረማቸው በፊት የመሬት ይዞታን፣ የሥራ ፈቃድን፣ የግብር ክፍያንና የአካባቢ ተፅዕኖ ሰነዶችን ያጣራሉ። ከሰነዶቹ ብዙዎቹ የሚገኙት በዞንና በወረዳ መዝገብ ቤቶች ነው። በመሆኑም በኒውዮርክ ወይም በአዲስ አበባ ባለ የተዋበ ቢሮ የሚሰጥ ውሳኔ በአንድ ወረዳ መደርደሪያ ላይ ባለ ፋይል ሊወሰን ይችላል።

በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሉማሜ ለዚህ አብነት ትሆናለች። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ባለ የወረዳ ከተማ የሚስተናገደው በዋናነት አርሶ አደሩ ነው። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ የተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባ ለባለይዞታዎች የይዞታ ደብተር ያስገኘ ሲሆን፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይና የድንበር ክርክር ሲያጋጥም የወረዳው መዝገብ ዋና ማስረጃ ነው። ፋይሉ በዝናብ ከራሰ ወይም ቦታው ከጠፋ አርሶ አደሩ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ሳይቀር ሥራውን ፈትቶ ይመላለሳል፤ ሲከፋም መብቱን የሚያስረዳበት ያጣል።

ስለ ቢሮ አደረጃጀት ከአገር ውስጥም ልምድ ተገኝቷል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በስፋት ሲተገበር በርካታ መሥሪያ ቤቶች የመለያያ ግድግዳዎችን አንሥተው ሠራተኞችን በአንድ ሰፊ ክፍል አሰባስበዋል። ይህም ባለጉዳይ ከበር ወደ በር የሚንከራተትበትን አሠራር ለመቀነስ የታለመ ነበር። በአንጻሩ ክፍት ቢሮ ጫጫታ አለው፤ የቤተሰብ ውርስንም ሆነ የባለሀብትን የንግድ ምስጢር በሰው ፊት ለመናገር አያመችም። በክፍት ቢሮ ውስጥም ቢሆን በሩ የሚዘጋ አንዲት ክፍል የምታስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንዶቹ አገልግሎቶች ደግሞ በሕግ የተደገፉ ናቸው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በበኩሉ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተለያዩ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር በማሰባሰብ የባለጉዳዩን ምልልስ ለማሳጠር ያለመ ነው።

ከእነዚህ ንጽጽሮች በመነሳት አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀቱን በቅደም ተከተል ሊመድብ ይችላል። በቅድሚያ እርጥበትና ምስጥ የማይደርስበት፣ ቁልፍና ኃላፊ ያለው መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ቀጥሎ ጥላና መቀመጫ ያለው የባለጉዳይ ማረፊያ፣ የመጠጥ ውኃና ንጹሕ መፀዳጃ ቤት ይመጣሉ። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደረጃ ሳይወጡ የሚስተናገዱበት የምድር ቤት መስኮትና በምስጢር የሚነጋገሩበት ክፍል በሦስተኛነት ይታያሉ። የኃላፊዎች ሶፋና መጋረጃ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

የኢንቨስትመንት ኩባንያው ቢሮውን የሚያሳምረው የገንዘብ ባለቤቶችን አመኔታ ለማትረፍ ነው። የመንግሥት ቢሮም አመኔታ ያስፈልገዋል። ይህን አመኔታ የሚያተርፈው ግን ባለጉዳዩ በመጣበት ዕለት ፋይሉ ተገኝቶለት፣ ጉዳዩ አልቆለት ወደ ቀዬው ሲመለስ ነው።