ከበሮ የሌለው ጭፈራ

ጠረጴዛውን በእኩል ፍጥነት እየመቱ እስከ ስምንት ይቁጠሩ። አንድ፣ አራትና ሰባት ላይ ጠንከር ያድርጉት፤ ሳያቋርጡ ከአንድ ይመለሱ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። አፍሪካውያን በባርነት ውቅያኖስን ሲሻገሩ ሪትማቸውንም ይዘው ተሻግረዋል። ይህ ምት በኩባ ከአውሮፓ ዳንስ ጋር ተዋሕዶ ሃባኔራ በተባለው ሙዚቃ ውስጥ ተሰማ፤ ወደ ደቡብ ወርዶም በቦነስ አይረስ ሚሎንጋና ታንጎ ውስጥ ቤቱን ሠራ። ዛሬ እንደ ቫዮሊንና ቼሎ ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ በሚሰሙበት የቻምበር ሙዚቃ መድረክም ይሰማል።

ስምንት ለሦስት እኩል አይካፈልም። ሦስት ምቶችን በስምንት ቦታ ላይ በተቻለ መጠን አመጣጥኖ ለማራራቅ የሞከረ ሰው ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለትን ያገኛል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የነበረው ጎድፍሪድ ቱሳን እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ፤ ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ ለማግኘት የጻፈው ስልት፣ ብዙ የዓለም ሕዝቦች የሚጨፍሩባቸውን ሪትሞች ያወጣል። ስምንትና አምስት ቢሰጡት ሲንኪዮ የተባለውን የኩባ ምት ይመልሳል። ኒውትሮን የሚያመነጩ የፊዚክስ ማሽኖች ጊዜያቸውን የሚያቀናብሩበት ስሌትም ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሰውነትን ለምን ይነቀንቃል? አእምሮ አንድ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ላይ ምት ይጠብቃል። አራት ላይ የሚያርፈው ግን አምስትን ሳይጠብቅ ይቀድማል። ሪትም ስንሰማ፣ ዝም ብለን ብንቀመጥም እንኳ፣ እንቅስቃሴን የሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ፤ የጎደለውን አምስተኛ ምት የሚሞላው አድማጩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዋ ማሪያ ዊቴክና ባልደረቦቿ በፈንክ የከበሮ ምቶች ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎችን ይበልጥ ለመንቀሳቀስ የገፋፋቸው እጅግ ቀላሉም እጅግ ውስብስቡም ሳይሆን መካከለኛው ነበር።

አስቶር ፒያሶላ ይህን በጆሮው ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በአርጀንቲና ማር ዴል ፕላታ ተወልዶ በኒውዮርክ ያደገው ይህ የታንጎ ደራሲና የባንዶኒዮን (አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ) ተጫዋች፣ በ1954 ፓሪስ ሄዶ የሙዚቃ መምህርቷ ናዲያ ቡላንዤ ዘንድ ሲማር የታንጎ ሰው መሆኑን ደብቋት ነበር። ታንጎውን አጫውታው ስትሰማ፣ ትክክለኛው ፒያሶላ ይህ ነው፣ እንዳትተወው አለችው። በእኔ ግምት ለቻምበር ሙዚቃ ከተሰጡ ምክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የአራት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን የሆነው ክሮኖስ ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ አልበሙ ላይ የተጫወተለትን «ፎር፣ ፎር ታንጎ» ያድምጡ። በልማዳዊው የታንጎ ኦርኬስትራም ከበሮ ስለሌለ የመምታቱን ሥራ ባለ ክሮቹ መሣሪያዎችም ይጋራሉ። ቺቻራ በሚባለው ዘዴ ተጫዋቹ ደጋኑን ከተለመደው ቦታ አንስቶ ከበርኩማው ማዶ ባለችው አጭር የክር ቁራጭ ላይ ይፈገፍጋል። ክር ሲያጥር ንዝረቱ ይፈጥናል፤ ደጋኑ ሲጫናት ደግሞ ዜማ የሌለው፣ አነሳሱ ስል የሆነ ድምፅ ይወጣል። ጆሮ ምትን በትክክል የሚለየው ደግሞ በድምፁ አነሳስ ነው። ቀስ ብሎ የሚያብብ ውብ የቫዮሊን ድምፅ ይህን ሥራ አይሠራም።

ስለዚህ ታንጎን የሚለማመድ ኳርቴት ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የመጨረሻው ሁለት ነው። በክላሲክ ትምህርት ያደገ እጅ የሐረግን መጨረሻ ማስረዘም ይወዳል፤ ሁለቱ ወደ ሦስት በተጠጋ ቁጥር ክፍፍሉ ወደ እኩልነት ይቀርባል፣ የሚቀድመው ምትም ይደበዝዛል።