የክረምት ወራትና የልጆቻችን ብዕር

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ በጅማ በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ዝናቡ ልጆችን ቤት ያውላቸዋል። የቡናው ለቀማም ገና ነው። እንግዲህ ይህ የዕረፍት ጊዜ ድርሰት ቢለማመዱበት የተገባ ይመስለናል።

ይህ አሳብ በሩቅ አገርም የታወቀ ነው። በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፥ በሻቶክዋ ሐይቅ ዳር በ1874 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የተጀመረው የበጋ ጉባኤ፥ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ደራስያንንና ተማሪዎችን በአንድነት ይሰበስባል።

ዳሩ ግን ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያሻንም። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፥ በወሎም ዋድላ፥ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች አሉን። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ኋላም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ግሱን ያርማል፤ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማ እንደ ሆነ ይመልሰዋል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ ስለማይሆን፥ ተማሪው ዕለት ዕለት አዲስ ነገር ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

የዚህም ትምህርት ፍሬ የታየ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ ነበሩ። እሜቴ ገላነሽ ሐዲስም ዓይነ ስውር ሳሉ የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶችን አስተምረዋል። ስለዚህ ሴት ልጅን ከብዕር የሚያርቅ ምክንያት የለም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅዎ በየቀኑ ጥቂት መሥመር ይጻፍ፤ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ጎረቤቱ፥ ስለ ቡናው ዛፍ ቢሆን መልካም ነው። ማታ ቡና ሲፈላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። አንድ ስሕተት ብቻ ይታረምለት እንጂ አይሣቅበት፤ የተሣቀበት ልጅ ዳግመኛ ብዕር አያነሣምና። አያቱ በኦሮምኛ ተረት የሚነግሩት ልጅ እንደ ሰማው በኦሮምኛ ይጻፈው። ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈ ተረት አብሮ ይቀበራል።

በየቀኑ አንድ የጻፈ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ 60 ድርሰት ይኖረዋል። መስከረም ሲጠባ ደብተሩ የቤተ ሰቡ ቅርስ ይሆናል፤ ልጁም አሳቡን በሰው ፊት ለመናገር የማያፍር ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፥ አንድ እርሳስና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው፤ ከሦስቱም በወላጅ እጅ ያለው ትልቁ ስጦታ ጆሮው ነው።