ፕሮሰሰርን ያለጊዜው የሚያስረጅ ቮልቴጅ

እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል ኩባንያን የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የሚጠቀሙ በርካታ ሰዎች ኮምፒውተሮቻቸው በሥራና በጨዋታ መካከል በድንገት እየቆሙ አስቸገሯቸው። ጥርጣሬው በመጀመሪያ ያረፈው በጨዋታዎቹ፣ በግራፊክስ ካርዶችና በማዘርቦርድ አምራቾች ላይ ነበር። ኩባንያው በሐምሌ ወር በሰጠው ማብራሪያ ግን ጥፋቱ ቺፑ ራሱን በሚመራበት ውስጣዊ ትእዛዝ፣ ማለትም በማይክሮኮዱ ላይ ተገኘ። ትእዛዙ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ነበር።

በፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይሠራሉ። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይበልጥ ፈጥነው ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ፍጥነት ፈላጊዎች ቮልቴጅ የሚጨምሩትም ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ ከ1 ወደ 1.1 ቢያድግ፣ ትራንዚስተሮቹ ሲበሩና ሲጠፉ የሚወስዱት ኃይል በ21 በመቶ ይጨምራል። ይህ ኃይል ሙቀት ይሆናል።

ሙቀቱን ጥሩ ማቀዝቀዣ ይችለዋል። ቮልቴጁ በራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ማቀዝቀዣ ብቻውን አያስቀረውም። ትራንዚስተሩን የሚቆጣጠረው ክፍል ከሲሊከኑ የሚለየው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ በሚወፍር መከላከያ ሽፋን ነው፤ ጠንካራ ቮልቴጅ በዚህ ሽፋን ውስጥ ቀስ በቀስ እንከን ይፈጥራል፣ ማብሪያውም ይዘገያል። በሌላ በኩል በቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ውስጥ የሚጎርፉት ኤሌክትሮኖች የብረቱን አቶሞች እየገፉ ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። አሜሪካዊው ጄምስ ብላክ የመስመሮቹ ዕድሜ ከጅረቱ ብዛትና ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደሚያጥር በቀመር ያስቀመጠው ገና በ1960ዎቹ ነበር።

የኢንቴል ጉዳይ አስገራሚው ገጽታ በመስከረም ወር ይፋ ሆነ። የተጎዳው የፕሮሰሰሩን ክፍሎች በአንድ ምት የሚያስኬደው የሰዓት ዑደት ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ሲያስረጁት ምቱ ይዛባል፤ ቺፑም ሳይሳሳት ለመሥራት የሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ወይም በቀላል ሥራ ላይ ሳለ እንኳ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ ቅንብር በመነካካት ብቻ የመጣ አልነበረም።

በነሐሴ የወጣው የማይክሮኮድ ማሻሻያ ከ1.55 ቮልት በላይ የሆነን ጥያቄ ገደበ፣ የዋስትናው ጊዜም በሁለት ዓመት ተራዘመ። ማሻሻያው የሚከላከለው ግን ገና ያልተጎዳውን ነው፤ ያረጀውን ቺፕ መልሶ አያድሰውም። በባዮስ በኩል የሚጫነውን ይህን ማሻሻያ ማዘግየት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ቮልቴጅን በገዛ እጁ የሚጨምር ሰው አንድ ሌሊት ሙሉ ፈትኖ ቺፑ ካልቆመ ደህና ነው ይላል። ፈተናው የሚመሰክረው ግን ለዚያች ሌሊት ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ያው ቅንብር መሰናከል ሲጀምር፣ ብዙዎች ጥቂት ቮልቴጅ ይጨምሩለታል። ኮምፒውተሩም ለጊዜው ይረጋጋል፤ እርጅናው ግን ከበፊቱ ይፈጥናል።