የልጅ ልብስና የወንድ ልጅነት በፊልም ሲታይ
(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፣ ሲያስቡት ግን በየቤታችን የሚገባ ነው። ይኸውም በፊልም ላይ የምናየው ወንድ ልጅ የለበሰው ልብስ ምን እንደሚናገር፣ እኛም ተመልካቾቹ ከፊልሙ በኋላ በመንገድ የምናገኘውን ልጅ በምን ዓይን እንደምንመለከተው መመርመር ነው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ ይታወሳል። ዛሬ ግን ፊልም በአዳራሽ ብቻ የሚታይ ነገር መሆኑ ቀርቶ በየሳሎኑ በቴሌቪዥን፣ በየልጁም እጅ በስልክ የሚታይ ሆኗል። ስለዚህ ልጆቻችን ወንድነት ምን እንደ ሆነ የሚማሩት ከአባትና ከአጎት ብቻ አይደለም፤ ከፊልምም ይማራሉ። የሚማሩትን ነገር ወላጅ ሊያውቀው ይገባል።

በመጀመሪያ ልብስ በፊልም ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው እንመልከት። የመጽሐፍ ደራሲ «ልጁ ድኻ ነበረ፤ እናቱም ሞታበታለች» ብሎ በአንድ መስመር ሊጽፍ ይችላል። በፊልም ግን ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት እጅጌው፣ ጉልበቱና እግሩ ይናገራሉ። የተቀደደ ክርን የድኽነት ምልክት ነው። የተጣፈ ክርን ግን ከድኽነት በላይ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ቀዳዳውን አይታ መርፌ ያነሣች እጅ በቤቱ ውስጥ አለች ማለት ነውና። እንግዲህ የልጅ ልብስ በፊልም የሚነግረን ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለሚያለብሰው ሰው ነው። ማን አጠበለት? ማን ጠቀመለት? ማን ገዛለት? ወይስ የሚያለብሰው የለም? የዛሬው ንግግራችን መሠረት ይህ ጥያቄ ነው።

ይህም በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። የፊልም አልባሳት አዘጋጆች አዲስ የተሰፋውን ልብስ ደጋግመው ያጥቡታል፤ ክርኑንና ጉልበቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፤ ነጭነቱ እንዲደበዝዝም በሻይ ውሃ ይነክሩታል። ፊልም ደግሞ እንደ ታሪኩ ተራ አይነሣም፤ የታሪኩ መጨረሻ ከመጀመሪያው አስቀድሞ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህም የአንዱን ሸሚዝ ሁለት ሦስት አምሳያ አሰፍተው አንዱን ንጹሕ፣ አንዱን ያደፈ፣ አንዱን የተቀደደ አድርገው ያስቀምጣሉ። በጥሩ ፊልም ላይ የሚታይ ቅዳጅ ሁሉ ታስቦበት የተቀደደ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የልብሱን ልክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1921 ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ባቀረበ ጊዜ ከእርሱ ጋር የተጫወተው ሕፃን ጃኪ ኩገን ሱሪው ሰፊ፣ ሹራቡ የተቦጫጨቀ፣ ቆቡም ለራሱ የሚበዛ ነበረ። ተመልካች በመጀመሪያ ይሥቃል። ጥቂት ቆይቶ ግን ለዚህ ልጅ በልኩ የተቆረጠ ልብስ በዓለም ላይ እንደሌለ፣ የሚለብሰውም ትልልቆች የጣሉትን መሆኑን ይረዳል። ነገር ግን ያው ልጅ ከወደቀበት አንሥቶ የሚያሳድገው አንድ ድኻ ሰው አለው፤ የፊልሙም ፍቅር ከዚህ ይመነጫል።

በእኛም ቤት ሰፊ ልብስ የታወቀ ነገር ነው። እናት ለእንቁጣጣሽ ለልጇ ሱሪ ስትገዛ «ያድግበታል» ብላ በቁጥር ከፍ ያለውን ትመርጣለች። የታላቁ ልብስ ለታናሹ ይወርዳል። «ያድግበታል» የሚለው ቃል የቁጠባ ቃል ብቻ አይደለም፤ ልጁ እንደሚያድግ የታመነበት የተስፋ ቃል ነው። ሰፊ ልብስ ሁሉ የመረሳት ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ልብስ የዕድሜም መለኪያ ነበረ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ወንድ ልጅ አጭር ሱሪ ይለብስ ስለ ነበረ ረጅም ሱሪ መታጠቅ ከልጅነት የመውጣት ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር። በአገራችንም ትንሹ ልጅ በቁንጮው፣ እረኛው በለምዱ፣ የቆሎ ተማሪው በደበሎውና በአኩፋዳው ይታወቅ ነበረ። በከተማም ካኪ ቁምጣ የተማሪ ልጅ ልብስ ነበረ። እነዚህ ሁሉ ልጁ በየትኛው የዕድሜና የትምህርት እርከን ላይ እንዳለ የሚያመለክቱ ናቸው እንጂ የውርደት ምልክቶች አይደሉም።

ስለ አባትና ልጅ ከተነሡት ፊልሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ1948 ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ያዘጋጁት «የብስክሌት ሌቦች» ስሙ የገነነ ነው። ከጦርነት በኋላ በሮማ ከተማ ሥራ ያጣ አባት ሥራ ለመያዝ ብስክሌት ያስፈልገዋል። ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን አውጥታ ታስይዛለች። ብስክሌቱ በተሰረቀ ጊዜ አባትየው ብሩኖ የተባለውን ትንሽ ልጁን ይዞ ከተማውን ሲዞር ይውላል። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ይሞክራል፤ ይያዛል፤ በሕዝብ ፊት ይዋረዳል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ከመሬት የወደቀውን የአባቱን ባርኔጣ አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል። አባት ልጁን ማልበስ ሲገባው ልጅ የአባቱን ክብር ከመሬት አነሣለት ማለት ነው። ንግግር ያልተጨመረበት ይህ ሥራ ስለ ወንድ ልጅነት ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራል።

ወደ ጫማ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ ያቀረቡት «የሰማይ ልጆች» የተባለው ፊልም ታሪኩ በሙሉ በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ የቆመ ነው። አሊ የተባለው ልጅ የእኅቱን የዛህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። ወላጆቻቸው ሌላ ለመግዛት አቅም እንደሌላቸው ስለሚያውቁ ሁለቱ ልጆች ነገሩን ደብቀው የአሊን ሸራ ጫማ በፈረቃ ያደርጋሉ፤ እርሷ ጧት ተምራ ስትመለስ እርሱ ተቀብሎ ይሮጣል። በኋላ አሊ የሩጫ ውድድር ይገባል። የሚመኘው ሦስተኛ መውጣትን ነው፤ የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ነውና። ነገር ግን አንደኛ ይወጣል፤ ያለቅሳልም። ሰው ሁሉ እልል ሲል አሸናፊው ልጅ የሚያለቅስበትን ምክንያት የምናውቀው እኛ ተመልካቾቹ ብቻ ነን።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕይወት በ1990ዎቹ የአውሮፓ ዘመን መጨረሻ «ኢንዱራንስ» በሚል ስም በፊልም በተሠራ ጊዜ የልጅነቱን ኃይሌ ሆኖ የተጫወተው ከቤተ ዘመዱ የተገኘ ልጅ ነው። ኃይሌ በአርሲ ልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ይሄድ ነበር። ደብተሮቹን በግራ ብብቱ ይዞ በመሮጥ የለመደው የክንድ አያያዝ በዓለም መድረክም እንዳልተለየው ይነገራል። ቦርሳ ማጣቱ በሰውነቱ ላይ የቀረ ምልክት ሆነ፤ ይህም ምልክት ዓለም የሚያውቀው የአሸናፊ አሯሯጥ ሆነ።

አዲስ ልብስና ጫማ ግን ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ራዱ ሚሃይሌያኑ ያዘጋጁት ፊልም በሱዳን መጠለያ ጣቢያ ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት ልጇ ከሞት እንዲተርፍ ቤተ እስራኤል መስሎ ወደ እስራኤል እንዲሄድ የምታሰናብተውን ይተርካል። ልጁ በአዲሱ አገር ይለብሳል፤ ይጫማል፤ ይጠግባል። ሆኖም ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መሬት የሚረግጥበት ጊዜ አለ። ጫማ የሰጡት ሰዎች በጎ አድርገዋል፤ የልጁ እግር የሚፈልገው ግን የእናቱን አገር ነው። ልብስ እናትን እንደማይተካ ፊልሙ በዚህ ይገልጻል።

አሁን ወደ አገራችን ፊልሞች እንመለስ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። የልጅ ጠባቂ ማነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከርእሱ ጀምሮ ከፊልማችን ጋር የተወለደ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድ ልጅነት በተለይ የሚጠቀሱ ሁለት ፊልሞች አሉ።

አንደኛው ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል የቀረበው «ላምብ» ነው። ኤፍሬም የተባለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱም በደጋ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የተባለች በጉ ናት። አጎቱ ግን በጓ ለበዓል ትታረድ ይላል፤ ልጁም እርሻ እንዲማር ያስገድደዋል። ኤፍሬም ለእርሻ አይሆንም፤ ሙያው ወጥ መሥራት ነው። ይህም «የሴት ሥራ» ተብሎ ያስነቅፈዋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ይህ ልጅ ግን በእጁ የሠራውን ሳምቡሳ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ በጉን አድኖ ወደ ቀዬው የሚመለስበትንም ገንዘብ ያጠራቅማል። ወንድነት በማረሻና በድስት የማይለካ መሆኑን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ፊልም በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸልሟል። በዚህ ፊልም በደርግ ዘመን የገጠር ልጆች ለውትድርና እንዳይታፈሱ ከዋሻ ተደብቀው ሲኖሩ እናያለን። ሌላው ልጅ ቁመቱ በጨመረ ቍጥር እናቱ ደስ ሲላት የእነዚህ እናቶች ግን ልጃቸው ባደገ ቍጥር ይፈሩ ነበር፤ ቁመቱ ከዩኒፎርሙ ጋር የሚያገናኘው ነውና። «ያድግበታል» የተባለው የተስፋ ቃል ወደ ስጋት የሚለወጥበት ጊዜ ይህ ነው።

እስካሁን የጠቀስናቸው ፊልሞች ሁሉ ልብሱን አሳይተው ወደ ልጁ ልብ ያደርሱናል። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ፊልምም ሞልቷል። በዚያ ዓይነቱ ፊልም ሌባው ልጅ አስቀድሞ ያደፈ ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ጨዋው ልጅ ደግሞ ሸሚዙ በካውያ የተተኰሰ ነው። ተመልካች ሳያስበው ድኽነትን ከክፋት ጋር አንድ አድርጎ ይማራል። አደጋውም በአዳራሹ አይቀርም፤ ወደ መንገድ ይወጣል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞና ከለቡ፣ ከመካኒሳና ከጎፋ በማለዳ የሚነሣ ሠራተኛ ይህን በየቀኑ ያየዋል። ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ይጐርፋሉ። በዚያው መንገድ ዳር በዕድሜ ከእነርሱ የማይበልጠው ሊስትሮ ሣጥኑን አስቀምጦ የሌላውን ጫማ ሲያበራ የራሱ ጫማ ተረከዙ ያለቀ ነው። ጫማችንን ዘርግተንለት ጋዜጣ ስናነብ ከእግራችን ሥር ያለው አንድ ልጅ መሆኑን፣ የዚያም ልጅ እናት በአንድ ቀን «ያድግበታል» ብላ ልብስ እንደ ገዛችለት እናስባለንን? ያደፈ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ከሱቅ ደጃፍ ሲባረር፣ ወይም ጉዳይ ለማስፈጸም ከእናቱ ጋር ወደ ቢሮአችን ሲመጣ በጥርጣሬ ሲታይ፣ ያን ጊዜ የምንፈርደው በልጁ ሥራ ሳይሆን በመጥፎ ፊልም ትምህርት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና የመማሪያ ቁሳቁስ በነፃ ማደሉ ይታወሳል። የደንብ ልብስ ጥቅሙ ውበት አይደለም። ልጅ ከክፍል ሲገባ በእርሱ ላይ የሚመሰክርበትን የመጀመሪያውን ምስክር ዝም ማሰኘቱ ነው። ይሁንና ዩኒፎርም ሸሚዝን ያመሳስላል እንጂ ጫማን አያመሳስልም፤ የልጆችም ዓይን ፈጥኖ ወደ እግር ይወርዳል። የቀረውን ሥራ መሥራት የሚችለው ቤት ነው።

ስለዚህ ለወላጆች የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከልጃችሁ ጋር ፊልም ስታዩ «ይህን ልጅ ያለበሰው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ ከልብሱ ጀርባ ሰው እንዳለ ማየት ይለምዳል። ሁለተኛ፣ በደመወዝ የሚተዳደር ቤት ልጁ ያማረውን ጫማ ሁሉ ሊገዛለት አይችልም። ዋጋውን ደብቃችሁ ከመቆጣት ይልቅ የቤቱን አቅም በልኩ ንገሩት፤ አሊና ዛህራ እንዳሳዩት ልጅ ከምናስበው በላይ ይረዳል። ሦስተኛ፣ ወንድ ልጃችሁ ቁልፉን መትከል፣ ልብሱን ማጠብ፣ ወጥ መሥራት ቢወድ «የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ አታሳፍሩት። የገዛ ልብሱን ያጠበና የጠቀመ ልጅ በሌላው ልጅ ልብስ ላይ አይሣለቅም፤ በዚያ ጥፈት ውስጥ ያለውን ድካም ያውቃልና።