ያለ ድንጋይ ከሰል አረብ ብረት ስለ መሥራት

ማረሻ ርጥበት ባለበት ስፍራ ሲከርም ይዝጋል። ዝገት ማለት ብረት በአየር ውስጥ ከሚገኘው ኦክስጅን ጋራ ሲዋሐድ የሚሆነው ነው። ከምድር የሚቈፈረውም የብረት ድንጋይ እንዲሁ ከኦክስጅን ጋራ የተዋሐደ ብረት ነው። ስለዚህ ብረትን ማንጠር ማለት ድንጋዩን ማቅለጥ ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅኑን ከብረቱ መለየት ነው እንጂ።

ይህን የመለየት ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ከሰል ነው። ከሰሉ በወናፍ ሲነድ በውስጡ ያለው ካርቦን ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይወስዳል። በዛሬዎቹ ታላላቅ ምድጃዎችም በእንጨት ከሰል ፈንታ የድንጋይ ከሰል ገባ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ነገር ግን ካርቦንና ኦክስጅን ሲዋሐዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወለዳል። በዚህ መንገድ አንድ ቶን አረብ ብረት ሲሠራ ከዚህ አየር ሁለት ቶን የሚያህል ይወጣል። ይህም አየር ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ልብስ ሸፍኖ ያስቀራልና የዓለም ሙቀት ይጨምራል፤ ዝናብም ከወቅቱ ይዛነፋል። በ2023 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር በዓለም የተሠራው አረብ ብረት 1,900 ሚሊዮን ቶን ያህል ስለ ሆነ ጕዳዩ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ የካርቦንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ይገኛልን? ይገኛል፤ እርሱም ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ከኦክስጅን ጋራ ሲዋሐድ ውኃ ይሆናልና ከምድጃው የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ነው። በስዊድን አገር አንድ የብረት ፋብሪካ፥ አንድ የማዕድን ኩባንያና አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. ተባብረው ይህን ሥራ ጀመሩ። በ2020 ዓ.ም. በሉሌኦ ከተማ የሙከራ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ2021 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አረብ ብረት አወጡ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ውኃን በኤሌክትሪክ ኃይል ከፍለው ሃይድሮጂኑን ለብቻው ይወስዱና በጋለው የብረት ድንጋይ መካከል ያሳልፉታል። ድንጋዩም ሳይቀልጥ ኦክስጅኑን ይለቅና ቀዳዳ የበዛበት ብረት ይሆናል። ከዚያም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል። ጥቂት ካርቦን ግን አይቀርም፤ አረብ ብረት ያለ እርሱ አይጠነክርምና።

ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው። ለአንድ ቶን 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩም ከድንጋይ ከሰል የተገኘ እንደ ሆነ ጢሱ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በሰሜን ስዊድን ኤሌክትሪኩ ከወንዞች ኃይል ስለሚገኝ ሥራው ቀና። በጀርመን አገር ግን አርሴሎርሚታል የሚባለው ኩባንያ ሁለት ፋብሪካዎቹን ወደዚህ መንገድ ለማሻገር የነበረውን አሳብ በ2025 ዓ.ም. ተወ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የኤሌክትሪክ ውድነት ነው።

ስለዚህ ጢስ አልባ ብረት ለመሥራት የብረት ድንጋይ ብቻ አይበቃም፤ ንጹሕና ርካሽ የኤሌክትሪክ ኃይልም ያስፈልጋል።