ከሊብሬው በፊት ብረቱን ማንበብ

«ሁሉ ነገሯ ኦሪጅናል ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ሊመረመር የሚችል ቃል ነው። አንድ ሰው ጣሪያዋ የሚታጠፍ የ1965 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ገዝቶ ደምበል ሕንፃ አጠገብ አቆማት እንበል። መንገደኛው ስልኩን እያወጣ ፎቶ ያነሳታል። ቀይ ናት፤ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ቀይ ነበረች? ሞተሩስ የራሷ ነው? ጣሪያዋ ከመጀመሪያውም ይታጠፍ ነበር ወይስ በኋላ ተቆርጦ ነው? ስልሳ ዓመት ቢያልፍም ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ይገኛል፤ ብረቱን ማንበብ ለሚችል።

ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ሆሄ የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የተደነገገው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። የሙስታንጓ ቁጥር 11 ሆሄ ብቻ ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት በሾፌሩ በኩል ካለው የውስጥ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ተመትቶ ይገኛል። «5 አር 08 ሲ» ብሎ ቢጀምር፣ 5 የ1965 ሞዴል ነው፤ አር ካሊፎርኒያ ያለው የሳን ሆዜ ፋብሪካ ነው፤ 08 የሚታጠፍ ጣሪያ ነው፤ ሲ ደግሞ 4.7 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። በ08 ፈንታ 07 ከተገኘ ጣሪያው ተቆርጧል። በሲ ቦታ ቲ ካለ መኪናዋ የተሠራችው በስድስት ሲሊንደር ነው፤ አሁን ያለው ሞተር ከሌላ የመጣ ነው።

በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። የቀለሙን፣ የወንበሩን ልባስ፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዓይነት በምልክት ትናገራለች። ቀለሟ ጄ ከሆነ ቀይ ነው፤ ኤም ከሆነ ነጭ። «10 ኬ» የሚል ካለባት መኪናዋ እንድትሠራ የታቀደው ኦክቶበር 10 ቀን 1964 ነው፤ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1957 ዓ.ም.። ወሮቹ ከኤ እስከ ኤም በፊደል ተራ ይሄዳሉ፤ አይ ብቻ ተዘሏል። በ1964 የተሠራች መኪና የ1965 ሞዴል መባሏም ስህተት አይደለም፤ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች አዲሱን ሞዴል የሚጀምሩት እንደ እኛ አዲስ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ገደማ ነበር።

ሰሌዳ ግን ይነቀላል፤ በርም ይቀየራል። ለእኔ ከሁሉ የሚያስተማምነው ብረቱ ሲፈስ አብሮ የተቀረጸው ቀን ነው። በሞተሩ ብሎክ ላይ «4 ጄ 18» የሚል ከተገኘ ብሎኩ የተፈሰሰው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1964 ነው፤ መኪናዋ ከመገጣጠሟ ሦስት ሳምንት በፊት፣ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። «5 ቢ 3» ቢል ግን ብሎኩ ከመኪናዋ አራት ወር ዘግይቶ ስለተወለደ የመጀመሪያ ሞተሯ ሊሆን በፍጹም አይችልም። ልብ በሉ፦ የዘገየ ቀን ሐሰትን ያጋልጣል፤ የቀደመ ቀን ግን እውነትን አያረጋግጥም፣ ከተመሳሳይ መኪና የተነቀለ ሊሆን ይችላልና። ሊብሬያችን የሞተር ቁጥር ይጠይቃል፤ ፎርድ ግን በዚያ ዘመን በተለመደው የሙስታንግ ሞተር ላይ የመኪናዋን ቁጥር አይመታም ነበር። ስለዚህ ምስክሩ ይህ ቀን ነው።

ጣሪያውን ለማጣራት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በጠንካራ ድጋፍ አሳርፎ ከሥር በባትሪ ማየት ነው። ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የምትጸናው በአካሏ ላሜራ ነው። ጣሪያ የሌላት መኪና ክዳኑ እንደተነሣ ካርቶን ትጠማዘዛለች። ፎርድም ይህን አውቆ በሚታጠፉት ላይ ከበር ሥር ያለውን ተሸካሚ አወፍሮ፣ ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ላሜራ በይዶበታል። ይህ ከሌለ አንድ ሰው ቋሚ ጣሪያ ያላትን በመጋዝ ቆርጧታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሮቿም በትክክል አይገጥሙም።

ከቀለሙ ሥር ያለውን ለመለየት ማግኔት ይበቃል። ብረቱን ይይዛል፣ ስቱኮ ላይ ግን ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ቀለም የሚደበቀው ከዳሽቦርዱ በስተጀርባና ምንጣፍ ሥር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ የትኛውን ቀን «ኦሪጅናል» እንበል የሚለው ነው። ለምሳሌ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መኪና እንውሰድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ ከኬኔዲ ጋር በክፍት መኪና ተጉዘዋል። የኬኔዲ ይፋዊ ሊንከን ኮንቲኔንታል የ1961 ሞዴል ነበረ፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሲንሲናቲ ውስጥ ተቆርጦ አንድ ሜትር ገደማ ረዘመ፤ ጥቁር ሰማያዊ ተቀባ። ፕሬዚዳንቱ ከተገደሉ በኋላ ቋሚ ጣሪያና ጥይት መከላከያ ተገጠመለት፣ ቀለሙም ጥቁር ሆነ፤ እስከ 1977 አገለገለ። ዛሬ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም የሚታየው ከለውጡ ጋር ነው። ሙዚየሙ ወደ 1961 አለመመለሱ ትክክል ይመስለኛል።

የአዲስ አበባ መኪናም የራሷ ታሪክ አላት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ነዳጅ ያበዛል፣ ጭስ ያጠቁራል። አንድ የቀድሞ መካኒክ ነዳጅ የሚለካውን ቀዳዳ በጠበበ ቀይሮት ከተገኘ ማጭበርበር ሳይሆን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ ይተውላት። ባትላሜራው እጁን ከማሳረፉ በፊት ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከነቦታው ፎቶ ይነሣ፤ አንዴ በመሞረጃ የጠፋ ምልክት አይመለስም።