የሚያረጋጋ መድኃኒት በእንስሳት ነርቭ ላይ የሚሠራው ሥራ



ለታወከ አእምሮ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሰውን ብቻ ሳይሆን እንስሳንም ያረጋጋሉ። ዛሬ የመቀሌ ክፍለ ከተማ በሆነችው በቁሓ የሚኖር ሰው ለበቅሎው የእንስሳት ሐኪም፥ ለታመመ ዘመዱም የዓይደር ሆስፒታል በዚያው ከተማ ይገኝለታል። ስለዚህ መድኃኒቱ በነርቭ ላይ የሚሠራውን ማወቅ በሁለቱም በኩል ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከአይጥ ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ መባቻ በፈረንሳይ አገር የሮን ፑላንክ ኩባንያ ኬሚስት ፖል ሻርፓንትዬ ክሎርፕሮማዚን የተባለውን ቅመም ሠራ። ሲሞን ኩርቯዚዬ የተባለችው ተመራማሪ፥ ደወል ሲደወል በገመድ ላይ መውጣትን የለመዱ አይጦችን መረመረች፤ ካልወጡ ወለሉ በኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበርና። መድኃኒቱን ከተሰጡ በኋላ ግን ደወሉ ሲደወል ዝም አሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲነዝራቸው ግን ወጡ። እንግዲህ መድኃኒቱ እግራቸውን አላሰረም፤ የደወሉን ማስፈራራት ብቻ ከንቱ አደረገው እንጂ። በ1952 ዓ.ም. ዣን ደሌና ፒየር ደኒከር በፓሪስ ሳንት አን ሆስፒታል ይህንኑ መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ለዓለም አስታወቁ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በነርቭ ሕዋሳት መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ሲልክ በዚህ ክፍተት ቅመም ያፈሳል፤ ከነዚህ ቅመሞች አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ዶፓሚን በሚቀጥለው ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ስፍራ ሲደርስ መልእክቱ ይተላለፋል። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ በዚያ ስፍራ ይቀመጣል፤ የባዕድ ቁልፍ የተሰካበት ቀዳዳ ትክክለኛውን ቁልፍ እንደማይቀበል ማለት ነው። የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሶን በ1963 ዓ.ም. ከማርጊት ሊንድክቪስት ጋር በአይጦች አንጎል ላይ ያደረገው ምርመራ ወደዚህ አሳብ መራ። ካርልሶን ስለ ነርቭ መልእክት ባደረገው ምርምር በ2000 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ነገር ግን የዶፓሚን ሥራ አንድ ብቻ አይደለም። በአንዱ የአንጎል መንገድ ፍላጎትን ሲቀሰቅስ፥ በሌላው የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ ያስተካክላል። ስለዚህ ሃሎፔሪዶል የተባለውን መድኃኒት በብዛት የወሰደ አይጥ የፊት እግሮቹን በእንጨት ላይ ቢያኖሩለት እንደ ተቀመጠ ይቀራል። በሰውም ላይ የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

በእንስሳት ሕክምና የታወቀው አሴፕሮማዚን ከዚሁ ወገን ነው። ፈረስንና ውሻን ያረጋጋል፤ ሆኖም የደም ሥርን አላልቶ የደም ግፊትን ያወርዳል፥ የሰውነትንም የሙቀት ሚዛን ያውካል። ከሁሉም በላይ ሕመምን አያስታግስም። ጸጥ ያለ በቅሎ ቁስሉ በተነካ ጊዜ በድንገት ሊራገጥ ይችላል፤ ዝምታው መዳን መስሎ አያታላችሁ። በተለይ ደም ለፈሰሰው ወይም በፀሐይ ለደከመ እንስሳ መድኃኒቱ ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

የሰውም ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ጊዜ የዓይደር ሆስፒታል በመድኃኒት እጦት ተጨንቆ ነበር። የአእምሮ መድኃኒት ሲቋረጥ ተዘግቶ የነበረው ስፍራ ይከፈታል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ በእጃችሁ ሳለ፥ ዘመዳችሁ ሰውነቱ ተገተረ ወይም ተንቀጠቀጠ ብላችሁ በገዛ ፈቃዳችሁ አታስጥሉት። ወደ ሐኪሙ ውሰዱት፤ ሐኪሙም መጠኑን ሊቀንስ፥ መድኃኒቱን ሊለውጥ ወይም መገተሩን የሚያቀል ሌላ ሊጨምር ይችላል። ለሰው የታዘዘውን ኪኒን ለእንስሳ፥ ለእንስሳ የመጣውንም ለሰው መስጠት ከቶ አይገባም።